እንግሊዝኛን ከደብተር ወደ አንደበት

ማለዳ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚጓዝ ሰው ቦርሳቸውን ያነገቱ ተማሪዎችን በየመንገዱ ያገኛል። ከእነዚህ ልጆች አንዱን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አስቁመን «ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው የግሥ ጊዜ እንዴት ይመሠረታል?» ብንለው ብዙውን ጊዜ ሳይደናቀፍ ይነግረናል። ረዳት ግሡን፣ የዋናውን ግሥ ሦስተኛ ቅርጽ፣ መቼ መቼ እንደምንገለገልበት ጭምር እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ያወርደዋል። ያንኑ ልጅ «ሃቭ ዩ ሃድ ዩር ብሬክፋስት?» ማለትም ቁርስህን በልተሃል ወይ ብለን ብንጠይቀው ግን ፈገግ ይላል፣ ጓደኛውን ያያል፣ «ዬስ» ይልና ዝም ይላል። ሕጉ ደብተሩ ላይ አለ፤ አፉ ላይ ግን የለም።

ይህ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ወላጅ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ለትምህርት ቤት ይከፍላል፤ ለአስጠኚ ይከፍላል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ማስታወቂያው በየስልክ እንጨቱ ላይ ለሚለጠፈው «ስፖክን ኢንግሊሽ» ይከፍላል። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂውን በሚገባ የተረዳች ልጅ መምህሯ ሲጠይቃት ቃሉ ይጠፋትና አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ከዓመታት በኋላ ሥራ ፍለጋ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብም ያው ዝምታ ይከተላታል። ጠያቂዎቹ «አታውቅም» ብለው ያልፏታል። እሷ ግን ታውቃለች።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ልጆቻችን የጎደላቸው ሕግ ሳይሆን የሚጠይቃቸውና መልሳቸውን ቁጭ ብሎ የሚጠብቃቸው ሰው ነው የሚል ነው። እስቲ እናስላው። ስልሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ለንግግር ቢውል እንኳ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። መምህሩ የሚናገርበት፣ ሰሌዳ የሚጻፍበትና ስም የሚጠራበት ሲቀነስ ደግሞ ምን እንደሚቀር መገመት አያዳግትም። በአንጻሩ ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ማታ ማታ 20 ደቂቃ ቢመድብ ለእያንዳንዱ ልጅ ወደ ሰባት ደቂቃ ይደርሰዋል፤ የክፍሉን አሥር እጥፍ ማለት ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በሙሉ በፊደላችን የጻፍነው የላቲኑን ፊደል የማይለዩ እናቶችና አባቶች አብረው እንዲያነቡት ብለን ነው። ፊደላችን የእንግሊዝኛውን ድምፅ ሁሉ በትክክል አይይዝም፤ ልጆቹ ሲያነቡት ያቃኑታል።

አራዳ በጆሮ ሲማር

አራዳ ከጥንትም የብዙ ቋንቋ ሰፈር ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ከማዛወሩ በፊት የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ አራዳ ነበር። በዙሪያውም አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱና የየመኑ ዐረብ ሱቅ ከፍተው ይነግዱ ነበር። ከሕንዶቹ መካከል የመሐመድአሊ የንግድ ድርጅት እስከ ወረራው ዘመን ድረስ ስሙ የገነነ ነበር። በእነዚህ ሱቆች ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራው ሀበሻ ዐረብኛውንም ሆነ ሌላውን የተማረው በሰዋስው መጽሐፍ አልነበረም። «ስንት ነው?»፣ «አለ ወይ?»፣ «ትቀንሳለህ?» እየተባለ ሲጠየቅና ሲመልስ ቋንቋው ገባው። «ፒያሳ» የሚለው ስም ራሱ አደባባይ ማለት የሆነ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ማኪያቶና ላቫጆም አስተማሪ ሳይቀጠርላቸው ወደ አማርኛ ገብተዋል።

የዘመናዊ ትምህርቱም መነሻ ከዚሁ አካባቢ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ሲሆኑ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ይሰጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ጎልቶ የወጣው ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ የበላይነቱን የያዘው ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እነዚህ ወጣቶች አማርኛቸው ውስን ስለነበር ተማሪው ወደደም ጠላም በእንግሊዝኛ እየጠየቀ በእንግሊዝኛ መመለስ ነበረበት። በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶች እንግሊዝኛቸው ለምን አፋቸው ላይ እንደቀለለ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሚያነሡት ይህንኑ ነው።

በዓድዋ ጎዳና፣ በአርቲስቲክ ሕንጻ ላይ የነበረውን የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍትም የፒያሳ ልጆች አይረሱትም። መሥሪያ ቤቱ ኋላ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሯል። ያ ቤት ብዙ አንባቢ አፍርቷል። ሆኖም ማንበብና መናገር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ጣይቱ ሆቴል ደጃፍ ከቱሪስት ጋር ሲጨዋወት የሚውለው ሊስትሮ «ዌር አር ዩ ፍሮም?» ብሎ ቀልጥፎ ይጠይቃል፣ የተመለሰለትንም ይረዳል፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ግን ሊቸገር ይችላል። ቤተ መጻሕፍት የዋለው ተማሪ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። ሁለቱን ማገናኘት ነው የሚፈለገው።

ዛሬ የፒያሳ መልክ ተለውጧል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። ከትምህርት ቤት ወጥቶ በእግሩ ወደ ኮርስ ይሄድ የነበረ ልጅ አሁን ሁለት ታክሲ መያዝ ሊኖርበት ነው። የቤት ውስጥ ልምምድ ከመቼውም ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

ጥያቄው መልሱን ተሸክሞ ይመጣል

በጥያቄና መልስ ማስተማር አዲስ ግኝት አይደለም። ማክሲሚሊያን በርሊትዝ የተባለ ስደተኛ መምህር እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከፈተ። እንደሚተረከው በሥራ ብዛት ታሞ በተኛ ጊዜ የተካው ኒኮላስ ጆሊ የሚባል ፈረንሳዊ ረዳቱ ነበር። ይህ ሰው እንግሊዝኛ የማይናገር ስለነበር ዕቃ እያሳየ፣ በእጁ እያመለከተ በፈረንሳይኛ ብቻ እየጠየቀ አስተማረ። በርሊትዝ ድኖ ሲመለስ ተማሪዎቹ በፈረንሳይኛ ሲመላለሱ አገኛቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ትርጉም ያልገባበት፣ በጥያቄ የሚመራ ትምህርት የድርጅቱ መታወቂያ ሆነ።

ይህን አሠራር መልክ ካስያዙት አንዱ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ፓልመር ነው። ስለ ቃል ማስተማሪያ ዘዴ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ ሲሆን በተከታዩ ዓመት ወደ ጃፓን ሄዶ ዘዴውን በዚያ አስፋፍቷል። ፓልመር ጥያቄዎችን እንደ መሰላል ደረጃ አስቀመጣቸው። ሲኒ በእጃችን ይዘን እንየው፦

«ኢዝ ዚስ ኤ ካፕ?» (ይህ ሲኒ ነው?) — «ዬስ፣ ኢት ኢዝ።»
«ኢዝ ዚስ ኤ ካፕ ኦር ኤ ግላስ?» (ሲኒ ነው ወይስ ብርጭቆ?) — «ኢት ኢዝ ኤ ካፕ።»
«ዋት ኢዝ ዚስ?» (ይህ ምንድን ነው?) — «ኢት ኢዝ ኤ ካፕ።»

ልብ በሉ! በመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ «ካፕ» የሚለውን ቃል ማስታወስ አይጠበቅበትም፤ መስማት ብቻ ነው። በሁለተኛው ከተሰጡት ሁለት ቃላት አንዱን አንሥቶ ይናገራል። ቃሉን ከራሱ ውስጥ ፈልጎ የሚያወጣው በሦስተኛው ላይ ነው። ብዙ አስጠኚዎች ከሦስተኛው ስለሚጀምሩ ልጁ ገና ሳይናገር ይሸነፋል።

ሰዋስውም የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ጥያቄ እንመልከት። «ዳዝ ዩር ፋዘር ድሪንክ ቲ?» አባትህ ሻይ ይጠጣሉ ወይ ማለት ነው። መልሱ «ዬስ፣ ሂ ዳዝ። ሂ ድሪንክስ ቲ።» በጥያቄው ውስጥ መደቡንና ጊዜውን የተሸከመው «ዳዝ» ስለሆነ ዋናው ግሥ ባዶውን ይቀመጣል። በመልሱ ውስጥ «ዳዝ» ሲወጣ ሸክሙ ወደ ግሡ ይዞርና «ድሪንክ» የነበረው «ድሪንክስ» ይሆናል። «ዲድ ዩ ድሪንክ ቲ?» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ «ዲድ» ሲወጣ ግሡ «ድራንክ» ይሆናል። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ግማሽ ሰሌዳ ይፈጅበታል። በቃል ሃያ ጊዜ የጠየቀና የመለሰ ልጅ ግን «ሂ ድሪንክ» ሲባል ጆሮው አልቀበልም ይላል። «ዲድ ዩ ዌንት?» የሚለው የተለመደ ስሕተትም የሚጠፋው በዚሁ ነው።

ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ነሕው ተምረው የመጡ አባቶች ይህ እንግዳ አይሆንባቸውም። በ1323 እ.ኤ.አ. የሞተው የሞሮኮው ዓሊም ኢብኑ አጅሩም ያዘጋጀውን አጅሩሚያን የቀራ ደረሳ ሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ «ይህ ቃል ኢስም ነው፣ ፊዕል ነው ወይስ ሐርፍ?» እየተባለ ተጠይቋል። «ጃአ ዘይዱን» ሲል «ለምን ዱን አልክ?» ይባላል፤ ፋዒል ስለሆነ ይላል። «ረአይቱ ዘይደን» ሲል «ለምን ደን?»፣ «መረርቱ ቢዘይዲን» ሲል «ለምን ዲን?» ይቀጥላል። እርግጥ ልዩነት አለው። በነሕው ላይ ደረሳው የሚመልሰው ሕጉን ነው፤ በእንግሊዝኛው ልምምድ ግን ልጁ ሕጉን አይናገርም፣ ይሠራበታል እንጂ። ነገር ግን መጠየቅና መጠየቅ የሚያመጣውን ንቃት የቀመሰ አባት ለልጁ ከማንም የተሻለ ጠያቂ ይሆናል።

አማርኛችን የሚያደናቅፈን ቦታ

የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የሚሳሳታቸው ስሕተቶች በአብዛኛው የሚታወቁ ናቸው። ከቋንቋችን ጠባይ የሚመነጩ ስለሆኑ አስቀድሞ ጥያቄ ማዘጋጀት ይቻላል።

አንደኛው ስም መጠየቅ ነው። እኛ «ስምህ ማን ነው?» ስለምንል ልጆች «ሁ ኢዝ ዩር ኔም?» ይላሉ። እንግሊዞቹ የሚሉት «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ነው። ዕድሜም እንደዚሁ ነው፤ «ዕድሜህ ስንት ነው?» የሚለውን ቀጥታ ወስደው «ሃው መች ኢዝ ዩር ኤጅ?» ይላሉ፤ ትክክለኛው «ሃው ኦልድ አር ዩ?» ሲሆን መልሱ «አይ አም ቱዌልቭ» ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስሜትን የምንናገርበት መንገድ ነው። አማርኛ «ራበኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ» ይላል፤ ሰውየው ተሳቢ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤት ይሆንና «አይ አም ሃንግሪ፣ አይ አም ኮልድ፣ አይ አም ታየርድ» ይባላል። ልጆች «አይ ኮልድ» ሲሉ «አም» የምትለዋን ይጥሏታል። መድረሳ የሚማሩት ደግሞ ዐረብኛውም አያግዛቸውም። «አነ ጧሊቡን» ውስጥ «ነኝ» የሚል ቃል ስለሌለ «አይ ስቱደንት» ማለት ይቀናቸዋል። እዚህ ላይ ጥያቄው ትልቅ ባለውለታ ነው። «አር ዩ ኮልድ?»፣ «አር ዩ ኤ ስቱደንት?» ሲባል ያቺ የምትጣል ቃል ከሁሉም በፊት ትመጣለች፤ ልጁ ሊዘላት አይችልም። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር ላይ «አር ዩ ሃንግሪ? አር ዩ ታየርድ?» ብሎ መቀበል በቂ ትምህርት ነው። ምሳውም ሊቀርብ ነውና ልጁ በፍጥነት ይመልሳል!

አሉታዊ ጥያቄ ላይ ያለው ችግር ግን ከሳቅ ያለፈ ነው። «ትምህርት ቤት አልሄድክም?» ስንባል ያልሄድን እንደሆነ «አዎ፣ አልሄድኩም» እንላለን፤ ተናጋሪው ያለውን እያጸደቅን ነው። በእንግሊዝኛ «ዲድንት ዩ ጎ ቱ ስኩል?» ተብሎ ያልሄደ ልጅ ማለት ያለበት «ኖ፣ አይ ዲድንት» ነው። «ዬስ» ካለ «ሄጃለሁ» ማለቱ ይሆናል። ሐኪም «ዶንት ዩ ሃቭ ፔይን?» ሕመም አይሰማዎትም ወይ ብሎ ሲጠይቅ «ዬስ» ያለ ሰው አያመኝም ማለቱ ሲሆን ሐኪሙ ያመዋል ብሎ ይጽፋል። ውጭ አገር የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች በኤርፖርትና በቀጣሪ ፊት የሚቸገሩበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ «ዬስ» ካሉ በኋላ የሚከተለው አዎንታ፣ «ኖ» ካሉ በኋላ የሚከተለው አሉታ እንዲሆን ሙሉውን መልስ መልመድ።

ሰዓትም አለ። ሱቁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይከፈታል ስንል ፈረንጁ ስምንት የሚለውን ማለታችን ነው። ፒያሳ ወርቅ ሊገዛ የመጣ እንግዳ «ዋት ታይም ዳዝ ዘ ሾፕ ኦፕን?» ብሎ ጠይቆ «አት ቱ» የተባለ እንደሆነ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። ስለዚህ ልጆችን የግድግዳውን ሰዓት እያሳዩ «ዋት ታይም ኢዝ ኢት?» ማለት ቁጥርንም፣ የሁለቱን አቆጣጠር ልዩነትም በአንድ ጊዜ ያስተምራል።

ለዚህ ሁሉ ሥር የሆነው ግን የጥያቄው ቅርጽ ነው። በአማርኛ «ሻይ ትጠጣለህ» እና «ሻይ ትጠጣለህ?» ቃሉም ቅደም ተከተሉም አንድ ነው፤ ለውጡ ድምፃችን ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን ቃል ያስገባል፣ ቦታም ያለዋውጣል። በዚህ የተነሣ ለልጆቻችን ከመመለስ ይልቅ መጠየቅ ይከብዳል። ክፍል ውስጥ ጠያቂው ሁልጊዜ መምህሩ ስለሆነ ደግሞ ይህን የሚለማመዱበት ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ልጁ አምስት ጥያቄ ከመለሰ አምስት መጠየቅ አለበት።

ቃላትን በተመለከተ አጭር ነገር እንበል። አሥር ቃል ከነትርጉሙ ጽፎ ደጋግሞ ማንበብ የተማሩ የሚያስመስል ነገር ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ጽሑፍን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብልጫ ሲያሳዩ ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው ተገኝተዋል። ቃልን መጠየቅ ቃልን ማስቀመጥም ነው ማለት ይቻላል።

ዝምታና ሐፍረት

እስካሁን ያልነው ሁሉ ልጁ አፉን ከከፈተ ነው። አፉን የሚዘጋው ሐፍረት ደግሞ ከሰዋስው ይበልጥ ከባድ ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የዓብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ ለአንባቢያን እንግዳ አይሆንም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ቅጠሉ የማይረግፍና በሙስሊም የሚመሰል ዛፍ የትኛው እንደሆነ ጠየቋቸው። ሰዎቹ የበረሓ ዛፎችን ሲያስቡ ኢብኑ ዑመር ቴምር መሆኑ ወደ ልቡ መጣ። ነገር ግን በዕድሜ ትንሽ ስለነበር አፍሮ ዝም አለ። መልሱ ቴምር ሆነ። ኋላ ለአባቱ ሲነግራቸው፣ ዑመር (ረ.ዐ) መልሱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ደስ ይላቸው እንደነበር ገለጹለት። አባትየው ልጁን «ለምን አፈርክ» ብለው አልተቆጡትም፤ መስማት ይፈልጉ እንደነበር ነው የነገሩት። በየቤታችን ላለው ዝምተኛ ልጅ ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

ከጠየቁ በኋላ መጠበቅም ያስፈልጋል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጽሑፍ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይተዋል። ይህ የታየው ሳይንስን በገዛ ቋንቋቸው በሚማሩ ልጆች ላይ ነው። በባዕድ ቋንቋ ለሚመልስ ልጅ ሦስት ሰከንድም ያንሰዋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የሚያስታውሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከቴሌቪዥኑ ያለችው መምህርት ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትሰጣለች፣ ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሣ «ቬሪ ጉድ» ብላ ትቀጥላለች። ማንን «ጎበዝ» እንዳለች ማንም አያውቅም ነበር!

ስሕተት ስለማረም ደግሞ ይህን እንላለን። ልጁ «ሂ ጎ ቱ ሾፕ» ቢል «ተሳስተሃል» ማለት አያስፈልግም። ጠያቂው ረጋ ብሎ «ኦ፣ ሂ ጎዝ ቱ ዘ ሾፕ። ዌር ዳዝ ሂ ጎ?» ይበለው። ልጁ ትክክለኛውን ሰምቶ ወዲያው ራሱ ይደግመዋል። በሁሉም ቃል ላይ ማስቆም ግን ምላስ ያስራል። ከሁሉም በላይ ጎጂው መሳቅ ነው። በተለይ ሴት ልጅ በእንግሊዝኛ ስትሞክር «ፈረንጅ ሆነች» እያሉ የሚያሾፉ ወንድሞች አሉ። እንዲህ ያለው ሰው እህቱ ነገ ቃለ መጠይቅ ፊት ለምታጣው ሥራ የድርሻውን እያዋጣ መሆኑን ይወቀው።

እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅስ?

«እኔ ራሴ አልተማርኩም፤ እንዴት አድርጌ ልጠይቅ?» የሚሉ እናቶች ይኖራሉ። ይቻላል። እናት በአማርኛ «አባትህ ዛሬ ምን እንደገዙ እህትህን በእንግሊዝኛ ጠይቃት» ብትል ልጁ ጥያቄውን ይሠራል፣ እህቱም ትመልሳለች። እናት ደግሞ «ምን አለችህ?» ብላ ወደ አማርኛ ታስመልሳለች። መልሱ እውነት ይሁን አይሁን የምታውቀው እሷ ናት፤ አባት የገዙት ስኳር ሆኖ ልጅቷ «ሶልት» ብትል፣ ተመልሶ በአማርኛ «ጨው» ሲባል ስሕተቱ ይያዛል። ታላቅ እህት ወይም ወንድም ካለ ጠያቂነቱን እነሱ ይያዙ። የሚጠይቅ ልጅ ከሚመልሰው ይልቅ እንደሚማር ከላይ ካልነው ግልጽ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለው ለብዙ ቤተሰብ የሚመች ነው፤ ሁሉም ቤት ነው፣ ቴሌቪዥኑም ለሃያ ደቂቃ ቢዘጋ አይጎዳም። ስልክን ግን ሙሉ በሙሉ መጥላት አያስፈልግም። ዛሬ በስልክ የሚሠሩ የቋንቋ መማሪያዎች ሞልተዋል፤ ብዙዎቹ ግን ልጁን በአውራ ጣቱ እንጂ በአፉ እንዲመልስ አያደርጉትም። የተሻለው አገልግሎቱ መቅጃነቱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የልጁን ድምፅ ቀድቶ ከወር በኋላ ማሰማት ልጁን ከየትኛውም ምስጋና በላይ ያበረታታዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይኑረን። ሲኒ ይዞ «ዋት ኢዝ ዚስ?» ማለት ለመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር ለወር ያህል መጠየቅ በቀቀን ማሠልጠን ይሆናል። ቅርጹ ከገባ በኋላ መልሱን ጠያቂው የማያውቀውን እንጠይቅ፦ «ዋት ዲድ ዩር ቲቸር ሴይ ቱደይ?»፣ «ሁ ዲድ ዩ ሲት ዊዝ?»፣ «ዋይ አር ዩ ሳድ?» በእነዚህ ጥያቄዎች ሰበብ አንዳንድ ወላጅ ልጁ ክፍል ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ምን እንዳስከፋው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማ ይሆናል። በአማርኛ ሲጠየቅ «ምንም» ብሎ የሚያልፍ ልጅ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ለመሙላት ሲል እውነቱን ያወጣል።

በቃል ብቻ ማቆም ግን አይገባም። የሊስትሮውን ነገር አንሥተናል። ፈተናው በጽሑፍ ነው፣ መጻሕፍቱም በጽሑፍ ናቸው። ስለዚህ ማታ ከተመለሱት መልሶች ሦስቱን፣ በተለይም ግሡ የተለወጠባቸውን፣ ልጁ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ደብተሩ ላይ ይጻፋቸው። ሳይገለብጥ፣ ከአፉ እያወጣ። «ሂ ዳዝ» ብሎ «ሂ ድሪንክስ» ማለቱን ካስታወሰ ያንን ገጽ ይዝለለው፤ ካላስታወሰ ማታ ሻዩ ሲቀርብ እንደገና ይጠየቅ።